ነጯና ሰማያዊዋ

ለምትናፍቂኝ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ደረጃ በወጣሽ ቁጥር የሚንቋቋው ጉልበትሽ አደብ ገዛ ወይስ አሁንም ለጎረቤት ይሰማል? ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ጎርነን ሲልብኝ ጉንፋን ይዟት ነው ብዬ ነበር፤ ወንድምሽ ግን ጉንፋን አይደለም፣ ተቆጥታ ነው አለኝ። ከሁለታችን ማን ልክ እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ተወራርደናል። ትልቋ ልጅሽ ሥራውን ለመደችው? ባልሽስ ሲጋራውን ትቷል ወይስ ትቻለሁ ነው የሚልሽ? እኛ ደህና ነን። ወንድምሽ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይቆጣል፤ ከሦስቱ አንዱም አልጎደለም። እኔም ይኸው አንደኛ ክፍልን ለስንተኛ ጊዜ እየደገምኩ አለሁ። ጡረታዬ ደርሷል፣ ግን በየዓመቱ ፊደል የማያውቁ አዳዲስ ሰዎች ያመጡብኛል፤ ጥያቸው እንዳልሄድ ደግሞ ያሳዝኑኛል።

መኪና መግዛታችንን ሰምተሽ የደወልሽ ዕለት ወንድምሽን "ከሁለቱ የትኛዋን ገዛችሁ?" ብትዪው "የተሻለችዋን" ብሎ ስልኩን እንደዘጋብሽ አጠገቡ ሆኜ ሰምቻለሁ። አይክፋሽ። የጠየቀውን ሁሉ የመለሰው እንደዚሁ ነው። እኔ ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። በስልክ ያልነገርኩሽ የወንድምሽ ጆሮ ስለማያስወራኝ ነው። ጆሮው ዘንድሮ ብሶበታል፤ ጓዳ ሆኜ በልቤ ያማሁትን ሳሎን ሆኖ ይሰማል።

ነገሩ የጀመረው ከግቢያችን በር ነው። ወንድምሽ በዚያ በር ስንት ዓመት ሲገባና ሲወጣ አንድ ቀን እንኳ ጭሮት አያውቅም። አምና ክረምት ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ የግራውን ምሰሶ ገጨው። ወርዶ ምሰሶውን በእጁ ዳበሰውና "ይህ በር ጠቧል" አለኝ። የብረት በር እንዴት ይጠባል ብዬ ብጠይቀው ብረት በሙቀት ይለጠጣል አለ። ሙቀቱ የታለ፣ ክረምት አይደለም ወይ ልለው አስቤ ለሰላማችን ስል ተውኩት። በሳምንቱ የቀኙን ምሰሶ ደገመው። እንግዲህ በሩ በሁለቱም በኩል ጠበበ ማለት ነው። ከዚያ የአበባ ማሰሮዎቼ ሄዱ። ከዚያ ጎረቤታችን አናጢው መንገድ ዳር የሚያቆመው ጋሪ ተራው ደረሰ። አናጢው ጋሪው እዚያ ቦታ መቆም ከጀመረ ልጆቹ አድገው እንደተዳሩ በትሕትና ቢያስረዳው፣ ወንድምሽ የመኪናዬ መሪ ወደ ግራ ይስባል ብሎ መለሰለት። ጋሪው በቀኝ በኩል ነበር። አናጢው እኔን አየኝ፤ እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ።

በወሩ አሮጌዋን መኪና ለአንድ የጋራዥ ሰው ሸጣት። አርጅታለች ነው ያለው። ታውቂው የለ ወንድምሽን? አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ተሳፋሪው "ሚዛን" የሚል ስም ያወጣለት ሰው ነው፤ ሻይ በብርጭቆ ይዞ የተሳፈረ ጠብታ ሳይደፋ ይወርዳል ይባልለት ነበር። ያ ሰው ወራት ሙሉ በእግሩ ሲሄድ ከረመ። ለምን ብለው ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጫለሁ፣ አሁን የእግሬ ተራ ነው አለኝ። ሲሄድም ግድግዳና አጥሩን በጣቱ ጫፍ እየነካካ ነው። ምነው ብለው ቀለሙ ይላላጥ እንደሆን እያየሁ ነው ይለኛል።

አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ዳቦውን እየቆረሰ መንጃ ፈቃድ አውጪ አለኝ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩት። እንደተጋባን ሰሞን በጨዋታ ክላክስ ብነካበት እስከ ማታ አኩርፎኝ የዋለ ሰው እኮ ነው። ሴት ልጅና መሪ ምንና ምን ናቸው ሲል የኖረ ሰው! በዚህ ዕድሜዬ ምን አገኘኝ ብለው ዘመኑ ነው አለኝ። እሱና ዘመኑ መቼ እንደታረቁ አላውቅም። እምቢ ብል ደግሞ ጉጉቴ አላስቻለኝም፤ ላንቺ ምን እደብቅሻለሁ፣ ያንን መሪ ስመኘው ነው የኖርኩት።

የመንጃ ትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ ማን ሆኖ ተገኘ መሰለሽ? ድሮ አንደኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ። "ሀ"ን ከ"ህ" ለመለየት አንድ መንፈቅ የፈጀብኝ፣ እኔም አንዳንዴ የጮኽኩበት ልጅ። ቂሙን ሳይበትን አቆይቶታል። አጠገቤ ተቀምጦ "ቲቸር፣ ፍሪሲዮን! ቲቸር፣ ፍሪሲዮን ነው ያልኩት፣ እሱ ፍሬን ነው" ሲለኝ ድምፁ ውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁት። በመጀመሪያው ፈተና ወደ ኋላ ስነዳ ከፕላስቲክ ምልክቶቹ አንዱን ከሥሬ ወትፌ እስከ ቢሮው በር ድረስ ወሰድኩት። በሁለተኛው አለፍኩ። ወንድምሽ ዜናውን ሲሰማ ተነስቶ ሻይ አፈላልኝ። ሻዩ ስኳሩ በዝቶ ጨውም ነበረው፤ ጠጣሁት።

ደላላው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አፉ የማያርፍ፣ በእናቱም በልጁም የሚምል ሰው ነው። ሁለት መኪና አለኝ፣ ሁለቱም አሮጌ ናቸው ግን ከአዲስ ይበልጣሉ አለ። ዕድሜያቸውን ብጠይቀው ዕድሜ ቁጥር ነው አለኝ። ኋላ እንዳየሁት ሁለቱም ከመንጃ አሠልጣኜ ይበልጣሉ።

ነጯ የአንድ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ነበረች። ሺ ስድስት መቶ ሲሲ ሞተር፣ አምስት ማርሽ፣ ዝቅ ብላ መሬቱን የያዘች፣ የተወለወለች አውቶሞቢል። ሰማያዊዋ ደግሞ የአንዲት ፀጉር ሠሪ ናት። ሺ ሦስት መቶ ሲሲ፣ አውቶማቲክ፣ አጠር ብላ ቁመቷ ከፍ ያለ፣ ከኋላዋ ተቆርጣ የቀረች የምትመስል። ወንበሯ ሥር የፀጉር ሽቦ ይገኛል፤ ውስጧ ሻምፑ ሻምፑ ይሸታል። ወንድምሽ ስለ አውቶማቲክ መኪና ያለውን አስተያየት ታውቂያለሽ። ማርሽ የሌለው መኪና መኪና አይደለም፣ ሊፍት ነው እያለ ስንቱን ሰው አስቀይሟል። ስለዚህ ነገሩ ገና ሳይጀመር ያለቀ መስሎኝ ለነጯ ልቤን አዘጋጀሁ።

መጀመሪያ ቀያሹ ግቢ ሄድን። ሰውየው ሁሉ ነገራቸው በመስመር ነው፤ አትክልታቸው እንኳ በክር ተለክቶ የበቀለ ይመስላል። ወንድምሽ ኮፈኑን አስከፍቶ ሞተሩን አስነሳና ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ቆመ፤ ሐኪም የሕፃን ደረት እንደሚያዳምጥ አድርጎ ነው። ሦስተኛው ሻማ ደክሟል አለ። የዘይቱን ክዳን አሽትቶ ዘይቱ በቅርብ አልተቀየረም አለ። ከዚያ በመዳፉ ላሜራዋን ከፊት እስከ ኋላ እየዳበሰ ሲሄድ የቀኝ የኋላ በር ላይ ቆመና ይህ በር ተገጭቶ ተቀብቷል አለ። ደላላው ቀለሟ የፋብሪካ ነው ብሎ በሦስት ነፍስ ምሎ ነበር፤ ሳል ያዘው። ቀያሹ ቀላ ብለው የልጃቸው ባል እንደገጨው አመኑ። አየሽ፣ ዓይን ያላየውን ጣት አገኘው ብዬ በኩራት ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬ ግን ብዙ አልቆየም።

ቀያሹ የመኪናዋን ዝርዝር በታይፕ አስጽፈው በፕላስቲክ አስለብሰውት ኖሮ አምጥተው ለወንድምሽ ሰጡት። እሱም ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው፣ ጉሮሮውን ጠረገና ማንበብ ጀመረ። ሞተር፣ ሺ ስድስት መቶ ሲሲ። ማርሽ፣ አምስት። ነዳጅ፣ በሊትር አሥራ ሁለት ኪሎሜትር። እኔ በትከሻው በኩል እያየሁ ነበር። ወረቀቱ የሚጀምረው ከጎማ ነው። ነዳጁም አሥራ አንድ ይላል፤ አሥራ ሁለት ያለው ደላላው ነበር፣ መንገድ ላይ ስንመጣ።

እህቴ፣ ይህን ዓይነት ንባብ አውቀዋለሁ። በየዓመቱ ከክፍሌ አንድ እንደዚህ የሚያነብ ልጅ አላጣም። ጎረቤቱ ሲያነብ የሰማውን በቃሉ ይዞ፣ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ ከሁሉም ልጆች ፈጥኖና ጮክ ብሎ ይወርደዋል። ድምፁ ከገጹ ይቀድማል። አዲስ አስተማሪ ጎበዝ ይለዋል። የቆየች አስተማሪ ግን ጣቱ የቱ መስመር ላይ እንዳለ ታያለች። እንደዚህ ያለውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ተሳስተሃል አይሉትም። ሄደው አጠገቡ ይቀመጣሉ፣ አብረውት ያነባሉ።

ስለዚህ ወረቀቱን ከእጁ ወሰድኩና፣ እኔ ቁጥር ጮክ ብዬ ካላነበብኩ አይገባኝም፣ እስቲ ታገሡኝ ብዬ ከጎማው ጀምሬ እስከ ራዲያተሩ ድረስ ሁሉንም ጮክ ብዬ አነበብኩ። ወንድምሽ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አዳመጠ። ስጨርስ ቀያሹ በርኅራኄ አዩኝና "ጎበዝ፣ ጥሩ አድርገው ያነባሉ፤ ሰው በማንኛውም ዕድሜ መማር ይችላል" አሉኝ። ለሦስት ትውልድ ፊደል ያስቆጠርኩትን ሴትዮ! አመሰገንኳቸው፣ ምን ላድርግ።

ከዚያ መኪናዋን ዳገት ላይ ልንፈትን ሄድን። ወንድምሽ ቁልፉን አልተቀበለም። ሞተር በደንብ የሚሰማው ከጎን ነው፣ አንቺ ንጂው አለና ጋቢና ገባ። ቀያሹ ከኋላ ተቀመጡ። ሜዳው ላይ ነጯ ምን ልበልሽ፣ ነዳጅ መስጫውን ነካ ሳደርጋት ወንበሩ ጀርባዬን ገፋው። አንድ አውቶቡስ ቀደምኩ። ወንድምሽ ድምፁን ሰምቶ አወቀው፤ ያ ትልቁ ነው አይደል፣ ቀደምሽው? አለኝ። ከንፈሩ ሊስቅ ሲል አየሁት። ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ግን ማርሽ ልቀንስ ብዬ ሞተሯን ገደልኳት። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላችን ሲሚንቶ የጫነ መኪና አለ። ቀያሹ ከኋላ ወንበር በሚንቀጠቀጥ ድምፅ "ይህ ዳገት አሥራ አራት በመቶ ነው... አሥራ አራት በመቶ ነው" ይላሉ፣ እንደ ጸሎት።

ወንድምሽ ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ሳይዞር እጁን ሰድዶ የእጅ ፍሬኑን ያዘው። አትቸኩዪ አለኝ፤ መንገዱ የትም አይሄድም። አስነሺ። አሁን ፍሪሲዮኑን በቀስታ ልቀቂ። ድምፁን ሲያወፍር ስሚው፤ ይኸው፣ አሁን። የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ፤ ነጯ እንደ ፍየል ተፈናጥራ ወጣች። እንደዚህ ባለ ድምፅ ካናገረኝ ስንት ዓመት ሆነው? ዳገቱን ጨርሼ ስቆም እጄ መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከኋላ ምን ይታይሻል ብሎ ጠየቀኝ። የኋላ ወንበሩ ራስጌ ስለጋረደኝ ግማሽ ሲሚንቶና የቀያሹ ባርኔጣ አልኩት። እህ አለ።

ከሰዓት በኋላ ሰማያዊዋን ሞከርን። ፀጉር ሠሪዋ ከኋላ ተቀምጣ የደንበኞቿን ጉድ ከዳር እስከ ዳር ተረከችልን፤ ስለ መኪናዋ አሠራር ግን አንድም ነገር አታውቅም። ነዳጅ ሲያልቅባት ትሞላለች፣ ሌላውን ፈጣሪ ያውቃል። አውቶማቲክ ፍሪሲዮን የለውም፤ ግራ እግሬ ሥራ ፈቶ የት ልግባ አለ። ያው ዳገት ላይ ስንደርስ ሰማያዊዋ አቃሰተች። ጮኸች። ጮኸች እንጂ አልሄደችም። በብስክሌት ዳቦ የሚያመላልስ ሰውዬ ቅርጫቱን ጭኖ እየተንፈራገጠ ቀደመን። ጎናችን ሲደርስ በመስኮቱ አየንና፣ ገመድ ካላችሁ እኔ ልጎትታችሁ አለ። ፀጉር ሠሪዋ ታውቀው ኖሮ ወሬዋን ሳታቋርጥ ለሚስቱ ሰላምታ ላከች። ደረስን ግን። ሳትጠፋብኝ፣ ሳትንሸራተትብኝ፣ እንደ ጥላ እያዘገመች ደረሰች።

ጫፉ ላይ አቁሜ ሳበቃ ወንድምሽ የጋቢናውን በር ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው። በመዳፉ ጣሪያውን ለካ፣ የበሩን እጀታ፣ የመስኮቱን መዝጊያ፣ ቀበቶው የሚገባበትን ቦታ አንድ በአንድ ለየ። ከዚያ ምን ይታይሻል አለኝ። ሁሉም አልኩት። ሁሉም ማለት ምን ማለት ነው፣ ንገሪኝ አለ። ከኋላ ቢጫ ጥላ የያዘች ሴትዮ ትሻገራለች፣ በግራ ውሻ ተኝቷል፣ በቀኝ የልብስ ንጽሕና ቤቱ ሰውዬ ሸሚዝ እየሰቀለ ነው፣ ከፊት ከተማው በሙሉ ይታየኛል፣ ጣሪያ በጣሪያ፣ የውኃ ታንከሩም ሳይቀር አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠኝ። ሸሚዙ ምን ዓይነት ነው አለኝ። መስመር ያለው ነው፣ አረንጓዴ አልኩት። ፀጉር ሠሪዋ ወሬዋን ትታ ወደ ሸሚዙ ዞረች።

ማታ እራት ላይ ሁለቱን አወዳደረልኝ። ፍርድ ቤት ያለሁ ነው የመሰለኝ። በጉልበት ነጯ። በፍጥነት ነጯ። በነዳጅ፣ ሞተሯ ትልቅ ሆኖም ሳለ፣ ማርሿ በእጅ ስለሆነ ነጯ። በመለዋወጫ ነጯ፤ የትም ይገኝላታል። በዕቃ መጫኛ ነጯ፤ የሰማያዊዋ ኋላ አንድ ሻንጣና አንድ ጃንጥላ ነው የሚይዘው። ሰማያዊዋ ያሸነፈችው በፍሬን ብቻ ነው፤ እሱም ፈጥና ስለማታውቅ ነው ፍሬኗ ያልተበላው አለ። እንግዲያው ነጯ ናት ብዬ ሳህኑን ላነሳ ተነሳሁ። ደስም አላለኝም፤ ያቺ ዳገት ገና ሆዴ ውስጥ ነበረች።

"ቆይ" አለኝ። "እጅሽ ያልተንቀጠቀጠው በየትኛዋ ነው?"

"በሰማያዊዋ" አልኩት።

"እንግዲያው እሷ ናት።"

ሳህኑን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አውቶማቲክ ሊፍት ነው ስትል አልነበረም ወይ አልኩት። ሊፍት ሰው ያወጣል፣ ሰው ያወርዳል፣ ምን ነውር አለው አለኝና ፍራፍሬውን መላጥ ቀጠለ።

ደላላው በማግሥቱ ሲሰማ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሚዛን የሚባል ሾፌር የፀጉር ሠሪ መኪና መግዛቱን ለሰው ብናገር ማን ያምነኛል አለ። አንድ መካኒክ ጓደኛውም ቤት ድረስ መጥቶ፣ ሰውዬ ምን ነካህ፣ ነጯን እኮ በዚህ ሁኔታ አታገኛትም ብሎ መከረው። ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፤ የተሻለችዋን ገዛሁ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አንድም ቀን ሚስቴ ስለምትነዳት ነው ብሎ አላመካኘብኝም። ለዚህ ለዚህስ ሚዛን የሚለው ስም ይገባዋል።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንወጣለን። ትምህርት ቤት ያደርሰኛል፤ ማለቴ አደርሰዋለሁ፤ ማለቴ አብረን እንሄዳለን። እኔ ስገባ እሱ ከዘበኛው ጋር ተቀምጦ ስለ ድሮ መንገዶች ያወራል፣ ስወጣ ይጠብቀኛል። መኪናዋ ውስጥ እኔ የሚታየኝን እነግረዋለሁ፣ እሱ የሚያውቀውን ይነግረኛል። የከተማውን መንገድ እንደ መዳፉ ነው የሚያውቀው። አሁን ከድልድዩ በኋላ በግራ ጉድጓድ አለ ይለኛል፤ አለ። እዚህ ጋ ጠርዙ ተበልቷል፣ ወደ መሐል ያዢ ይለኛል፤ ተበልቷል። እንደዚህ ያለ ረዳት የትኛዋም ሾፌር የላትም ብዬ እንኳ ኮራሁ።

ባለፈው ሰሞን ታዲያ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ስንደርስ በድንገት "በቀኝ! ትልቅ ጉድጓድ!" አለኝ። እኔም መሪዋን ወደ ግራ ጠመዘዝኳት፤ ከሻምፑ ሽታው ጋር አብረን ተወዛወዝን። መንገዱ ግን እንደ ሳሎን ወለል የለሰለሰ ነው። ምንም የለም። አንድ ወጣት ትራፊክ ፖሊስ ደግሞ እዚያው ቆሟል። ፊሽካውን ነፋ። መጣና ጎንበስ ብሎ፣ እናቴ፣ ከምንድን ነው የሸሹት አለኝ። ወንድምሽ ድምፁ ወደመጣበት ፊቱን አዙሮ እዚህ ጋ ትልቅ ጉድጓድ አለ አለው። ልጁ መንገዱን አየ፣ ወንድምሽን አየ። አባቴ፣ ያ ጉድጓድ ከተደፈነ ዓመት አልፎታል አለ፣ በትሕትና።

ወንድምሽ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ያቺን እጅ አይቼ ወደ ልጁ ዞርኩ። ይቅርታ ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መኪናዋ አዲስ ስለሆነችብኝ መሪዋን ገና እየለመድኩት ነው አልኩት። ልጁ ፈገግ አለና፣ ታዲያ እስኪለምዱ ድረስ መሪውን ለአባቴ ቢለቁላቸው አይሻልም አለኝ።

"እሷ ትሻላለች" አለ ወንድምሽ።

ትራፊኩ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሂዱ ብሎ ለቀቀን። እኔ ግን ማርሹን ወደ መሄጃው ማስገባት ረስቼ ነዳጅ ብሰጥ ሞተሯ ብቻዋን ጮኸች። በትዳራችን ዘመን ሁሉ፣ በምግብ በዪው በልጅ ማሳደግ በዪው፣ ይህቺን ቃል ከአፉ ሰምቻት አላውቅም። እና ያገኘኋት በዚያ ዕለት ነው፣ በዚያ መንገድ ላይ። ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ አላወቅኩም። ሁለቱንም በየተራ አደረግኩት፣ በመስኮቱ በኩል ዞሬ። እሱ ነፋስ ገባሽ እንዴ፣ አፍንጫሽ ይሰማኛል አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ልብሱን ለብሶ ሲያበቃ አንድ ፈተና ቀርቷታል አለኝ፣ ለሰማያዊዋ። መኪና በከተማ አይታወቅም፣ ረጅም መንገድ ነው የሚያጋልጠው። ወዴት ነው ረጅሙ መንገድ ብለው ወደ እህቴ አለኝ። ናፈቀችህ እንዴ አልኩት። ከናፈቀችኝማ ቆይቷል፣ አሁን ደግሞ የሥራ ቦታዋን ላየው እፈልጋለሁ አለ። አንቺ ዘንድ፣ ዓይን ክሊኒኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ሂድ፣ ጎብኛት ስንለው የመድኃኒት ሽታ አልወድም ያለ ሰው ነው። አንቺ ነርስነቱን ስትመርጪ በአባታችሁ ዓይን ምክንያት መሆኑን ታውቃለህ ብዬው አላውቅም ነበር፤ እሱ ግን ያን ዕለት፣ ጫማውን እያሰረ፣ ራሱ አነሳው። አባቴ ሐኪም ጋ ዘግይቶ ነው የሄደው አለኝ። ጫማውን አስሮ ጨረሰና ሌላ ወሬ ጀመረ።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ በመጀመሪያው ሳምንት እንመጣለን። መንገዱን ለሁለት ቀን ከፍለነዋል፤ ሰማያዊዋ ዳገት ላይ ስለምታስብ ነው። ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ። እናንተ ክሊኒክ በር ላይ መኪና ማቆሚያ አለ? ወደ ኋላ ገብቼ ማቆም አሁንም አይሆንልኝም፤ ሰፋ ያለ ቦታ ካለ ከዘበኛው ጋር ተነጋገሪልኝ። መኪና ውስጥ ሙቀት ስለማይወድ ገብቶ ይጠብቅሻል፤ ሐኪማችሁ ያን ዕለት እጃቸው ባዶ ከሆነ አረፍ ብለው ቢጨዋወቱ አይከፋውም፣ ወንድምሽ ጨዋታ ያውቃል። ስትቀበዪን ደግሞ ዝም ብለሽ ሮጠሽ አትጠምጠሚበት። ከሩቅ ጀምረሽ ጥሪው። ድምፅሽን ይወዳል። የመኪናዋን ቀለም እንዴት አገኘኸው ብለሽም አትጠይቂው፤ ስለ ሞተሯ ጠይቂው፣ ስለ ሞተሯ እስኪመሽ ያወራሻል።

ይህን የምጽፍልሽ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ወንድምሽ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሬዲዮ እየሰማ ነው። ቅድም ብዕሬ ሲሮጥ ሰምቶ ሬዲዮኑን ቀነሰና ለማን ነው አለኝ። ለእህትህ አልኩት። ስለ መኪናዋ ጻፍሽላት አለኝ። ከላይ እስከ ታች አልኩት። ነጯ በጉልበት እንደምትበልጥ ሳትደብቂ ጻፊ፣ ውሸት አልወድም አለ። ጽፌያለሁ አልኩት። ማስታወቂያው አልቆ ዜናው ጀመረ። ጣቱን በጠረጴዛው ልብስ ጥልፍ ላይ እያስኬደ፣

"ስለ ሌላውስ?" አለኝ።

የትኛው ሌላ ልለው ብዬ ተውኩት። "ልጻፍላት?" አልኩት።

"ጻፊላት" አለኝ። ሬዲዮኑንም መልሶ ከፍ አደረገው።

እንግዲህ እህቴ፣ ጽፌልሻለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጠንክርልሽ፣ ቤትሽን ሳቅ አያሳጣው፣ እጅሽ የነካውን ሁሉ ያድንልሽ። ለባልሽና ለልጆችሽ አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ። በራችሁ ላይ ክላክስ ስትሰሚ እኛ ነን።

የወንድምሽ ሚስት፣ ያንቺም እህት